ስለ ማርያም የምናነሣው ተቃውሞ በምን ሚዛን ይመዘን?



ስለ ጌታችን እናት ስለ ድንግል ማርያም መጻፍ ለአንድ ወንጌላዊ ወጣት ቀላል ነገር አይደለም። ጥቂት ቢያመሰግን የገዛ ወገኖቹ ይጠረጥሩታል፤ ጥቂት ቢቃወም እናቱ ታለቅስበታለች። ከዚህም የተነሣ ብዙዎቻችን ከሁለት መንገዶች አንዱን እንመርጣለን። አንዳንዶቻችን ነገሩን ጨርሶ አናነሣውም፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ ሌላውን ሰው በአንድ ቃል ጣዖት አምላኪ ብለን እናልፈዋለን። ሁለቱም መንገዶች ከማሰብ ድካም ያሳርፉናል፤ ለእውነትም ሆነ ለፍቅር ግን አይጠቅሙም።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሦስት ጥያቄዎችን እናነሣለን። እኛ ወንጌላውያን ካቶሊኮች ስለ ማርያም ከሚያምኑት ውስጥ የማንቀበለው የትኛውን ነው? የማንቀበልበት ምክንያትስ ምንድን ነው? ሦስተኛው፣ ይህን ተቃውሞ ለሚያምነው ሰው እንዴት አድርገን ልንነግረው ይገባል? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የትምህርተ ሃይማኖት ጥያቄዎች ናቸው። ሦስተኛው የግብረ ገብ ጥያቄ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱን በቅጡ ያልመረመረ ሰው ሦስተኛውን በደግነት ብቻ ሊመልሰው አይችልም።

1. ጥያቄው ለእኛ ቅርብ መሆኑ

ጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞች፣ አጋሮም ሆነች ሊሙ ገነት፣ ቦንጋም ሆነች በደሌ፣ ልዩ ልዩ እምነት ያላቸው ሰዎች በአንድ አጥር ግቢ የሚኖሩባቸው ናቸው። በጅማ ዞን የሚበዛው ሕዝብ ሙስሊም ነው። ሙስሊሙ ጎረቤታችን መርየምን ያከብራል፤ የቁርኣን 19ኛው ምዕራፍ በስምዋ ይጠራል፤ በቁርኣን ውስጥ በስምዋ የተጠራች ሴትም እርስዋ ብቻ ናት። የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን በየወሩ በ21 ቀን የማርያምን ማኅበር ይጠጣሉ፣ ግንቦት 1 ቀን ከደጅ ወጥተው ንፍሮ ቀቅለው ልደታን ያከብራሉ፣ ከነሐሴ 1 ቀን እስከ 15 ቀን ፍልሰታን ይጾማሉ። በኦሮሞ እናቶችም ዘንድ በምጥ ጊዜ «ማራም» ብሎ የመጥራት የቆየ ልማድ አለ።

ካቶሊኮችም በዚህ ምድር የትናንት እንግዶች አይደሉም። በአገራችን አባ ማስያስ ተብለው የሚታወቁት ጣልያናዊው ሚሲዮናዊ ጉሊየልሞ ማሳያ በ1859 እ.ኤ.አ. እስከ ካፋ ደርሰው በ1861 ከዚያ ተባረዋል። ዛሬ የጅማ ቦንጋ ሐዋርያዊ ቪካሪያት አለ፤ በ1994 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ በ2009 ወደ ቪካሪያትነት ከፍ ብሏል። እንግዲህ በዩኒቨርሲቲ ዶርም አራት አልጋ ባለበት ክፍል ውስጥ ስለ አንዲት ሴት አራት ዓይነት ንግግር ቢሰማ የሚያስደንቅ አይደለም።

2. መልሳችን ለማን ነው?

በእጃችን የሚገቡት ትራክቶች ብዙዎቹ ከውጭ ቋንቋ የተተረጎሙ ናቸው። ጸሐፊዎቻቸው በአውሮፓና በአሜሪካ ሆነው ከሮም ቤተ ክርስቲያን ጋር የተከራከሩ ሰዎች ናቸው። በእነርሱ አገር ዋናው ነጥብ ሁለት ድንጋጌዎች ናቸው። በ1854 እ.ኤ.አ. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 9ኛ፣ ማርያም ከተፀነሰችበት ጊዜ ጀምሮ ከአዳም ኃጢአት ነጻ ነበረች ብለው ደነገጉ። በ1950 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፒዮስ 12ኛ፣ ማርያም በሥጋዋና በነፍስዋ ወደ ሰማይ ተወስዳለች ብለው ደነገጉ። የእነዚያ ጸሐፊዎች ተቃውሞ በአብዛኛው በእነዚህ ላይ የተነጣጠረ ነው።

እኛ ግን ትራክቱን ይዘን የምንሄደው ወደ ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኦርቶዶክሳዊት አክስታችን ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የሮምን ጳጳስ ሥልጣን አትቀበልም፤ በ451 እ.ኤ.አ. የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤም አልተቀበለችም። ፍልሰታን የምትጾመው በ1950 በወጣ ድንጋጌ ምክንያት አይደለም፤ ከዚያ እጅግ አስቀድሞ በነበረ ሥርዓትዋ ነው። ስለ ማርያምና ስለ አዳም ኃጢአት፣ ጥንተ አብሶ በሚባለው ጉዳይ፣ የራስዋ መምህራን ተከራክረዋል። እንግዲህ አክስታችንን «ይህ ጳጳሱ በ1950 ያመጣው ትምህርት ነው» ብንላት፣ ከአያትዋ ጋር ፍልሰታን ስትጾም ያደገች ናትና ልጁ እኔን አያውቀኝም ብላ ብታስብ ትክክል ናት።

በአንጻሩም በተአምረ ማርያም ውስጥ ያለውን የበላኤ ሰብን ታሪክ እያነሡ ካቶሊኩን ጎረቤት መውቀስ ለእርሱ የማይገባ ክስ ነው፤ ያ ታሪክ የእርሱ አይደለም። በእርግጥ ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ፈጽሞ ባዳ አይደሉም። የተአምረ ማርያም ስብስብ መነሻው ምዕራብ አውሮፓ ሲሆን፣ በዐረብኛ በኩል አልፎ በዐፄ ዳዊት ዘመን፣ ማለት በ1400 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ወደ ግእዝ ተመልሷል። ሆኖም ዝምድና ያላቸው ሁለት ሰዎች አንድ ሰው እንዳልሆኑ ሁሉ፣ ለአንዱ የተጻፈ መልስ ለሌላው አይሆንም።

3. አራቱ ተቃውሞዎች

አሁን ተቃውሞዎቹን አንድ በአንድ እንመልከት።

ሀ/ «ወላዲተ አምላክ» ስለሚለው ስም። ከእኛ ወጣቶች አንዳንዶቹ ይህን ስም ሲሰሙ ይከፋቸዋል፤ አምላክ እናት አለውን? ይላሉ። ነገር ግን ይህን ስም በአደባባይ የተቃወመው ንስጥሮስ ነበር፤ በ431 እ.ኤ.አ. በኤፌሶን የተሰበሰበው ጉባኤም አውግዞታል። የጉባኤው አሳብ ስለ ክርስቶስ ማንነት ነበር። ከማርያም የተወለደው በእውነት አምላክ ከሆነ፣ የወለደችው የአምላክ እናት ናት። የሉተር ተከታዮች በ1577 እ.ኤ.አ. ባወጡት የኮንኮርድ ቀመር በሚባለው የእምነት ሰነድ ይህንኑ ስም ተቀብለዋል። ስለዚህ በዚህ ነጥብ ተቃውሞ የለንም፤ የሚኖረን ከሆነም በክርስቶስ ላይ የተነሣ ተቃውሞ እንዳይሆን እንፍራ።

ለ/ ስለ ክብርና ስለ አምልኮ። ካቶሊኮች ለእግዚአብሔር ብቻ የሚሰጠውን አምልኮ «ላትሪያ» ይሉታል፤ ለቅዱሳን የሚሰጠውን ክብር «ዱሊያ»፣ ለማርያም የሚሰጠውን ላቅ ያለ ክብር «ሃይፐርዱሊያ» ይሉታል። የኦርቶዶክስ መምህራንም የአምልኮ ስግደትንና የጸጋ ስግደትን ይለያሉ። እንግዲህ «ማርያምን አምልኩ ብለው ያስተምራሉ» ብሎ መናገር እውነት አይደለም። በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ በሃይማኖት ክርክር ጊዜ አይሻርም። ሙስሊም የክፍል ጓደኛችን «እናንተ ሦስት አማልክት ታመልካላችሁ» ሲለን ምን እንደሚሰማን እናውቃለን። አንድ አምላክ ብለን እንደምናምን በትዕግሥት እንዲሰማን እንፈልጋለን። ከሙስሊሙ ጓደኛ የምንጠይቀውን ትዕግሥት ለካቶሊኩና ለኦርቶዶክሱ ልንነፍግ አይገባም።

ይህን ካልን በኋላ ግን ተቃውሞው ፈጽሞ አይጠፋም። ጴጥሮስ ቆርኔሌዎስ ሲሰግድለት አንሥቶታል (የሐዋ. ሥራ 10)፤ መልአኩም ዮሐንስን ከልክሎታል (ራእይ 22)። በመጽሐፍ የተለየው በልብና በጉልበት ላይ ሁልጊዜ ተለይቶ ይኖራልን? ይህ የእኛ ጥያቄ ነው። ለመምህራኑ የሐሰት ክስ ሆኖ ሳይሆን ለሕዝቡ ልማድ እንደ ቅን ጥያቄ ሊቀርብ ይገባል።

ሐ/ ስለ አማላጅነት። ይህ በአገራችን ከሁሉ ይልቅ የጋለ ክርክር ነው፤ የጋለበትም አንዱ ምክንያት ቃሉ ራሱ ነው። በእኛ ባሕል ልጃገረድ ለመጠየቅ፣ የተጣላ ለማስታረቅ፣ የበደለ ምሕረት እንዲያገኝ ሽማግሌ ይላካል። ትልቅ ሰው ፊት ብቻን ቆሞ መለመን እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ በር «ሰው አለህ ወይ?» እንባባላለን። የእኛ ተቃውሞ ሥሩ እዚህ ላይ ነው። እግዚአብሔር አብ በሽማግሌ ካልሆነ የማይለዝብ ባላባት አይደለም፤ ልጁም ደጅ የሚያስጠና ዳኛ አይደለም። የዕብራውያን መልእክት በ4ኛውና በ10ኛው ምዕራፍ በድፍረት እንድንቀርብ ይጋብዘናል፤ ጳውሎስም በ1ኛ ጢሞቴዎስ 2 በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ያለው መካከለኛ አንድ እንደ ሆነ ያስተምራል። ማንም ሰው ማርያም ከኢየሱስ ይልቅ ትራራልኛለች ብሎ የሚያስብ ከሆነ፣ የመስቀሉን ፍቅር ገና አላየውም።

ሆኖም የሌላውንም ወገን መልስ መስማት ተገቢ ነው። እነርሱ «እናንተስ ወንድሜ ሆይ ጸልይልኝ ትባባሉ የለምን?» ይሉናል። እውነት ነው፣ እንባባላለን። ስለዚህ ጸልይልኝ ማለት በራሱ አምልኮ አይደለም። ልዩነቱ ከዚህ የጠበበ ነው፤ በሥጋ ከእኛ የተለዩት ይሰሙናልን? እነርሱንስ እንድንለምን በመጽሐፍ ታዘናልን? እኛ ትእዛዝም ምሳሌም አላገኘንም እንላለን። እነርሱ ቅዱሳን በእግዚአብሔር ዘንድ ሕያዋን ናቸው ይላሉ። ተቃውሟችን ይህን ያህል ነው፤ ከዚህ ባናሳንሰው፣ ከዚህም ባናገዝፈው መልካም ነው። ደግሞም እኛ ሮሜ 8ን ጠቅሰን ክርስቶስን አማላጅ ስንል ኦርቶዶክሳውያን የሚቆጡት፣ ፈራጁን አምላክ ዝቅ ያደረግን ስለሚመስላቸው ነው። ሁለታችንም የምንሟገተው ለአንድ ለክርስቶስ ክብር መሆኑን ብናስተውል የድምፃችን መጠን ይቀንስ ነበር።

ካቶሊኮችም በዚህ ጉዳይ እርስ በርሳቸው ተነጋግረዋል። በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ በ1963 እ.ኤ.አ.፣ ስለ ማርያም ራሱን የቻለ ሰነድ ይውጣ ወይስ ስለ ቤተ ክርስቲያን በሚወጣው ሰነድ ውስጥ ይካተት በሚለው ላይ ድምፅ ሲሰጥ፣ ይካተት ያሉት 1,114፣ የተቃወሙት 1,074 ነበሩ። የ40 ድምፅ ልዩነት ብቻ ነው። በ1964 የወጣው ሰነድ ማርያምን አማላጅ ቢላትም፣ ይህ ከአንዱ መካከለኛ ከክርስቶስ ምንም እንደማይቀንስ አስረግጧል። በቅርቡም፣ ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ቫቲካን ባወጣችው ማብራሪያ ማርያምን «አብራ የምታድን» ብሎ መጥራት ተገቢ እንዳልሆነ ገልጻለች። በአገራችን «ቤዛዊተ ዓለም» በሚለው አጠራር ላይ የሚነሣው ክርክር ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ መምህራኑ ቤዛ የሆነውን ክርስቶስን ስለ ወለደች ነው ብለው ያስረዳሉ። ከ50 ዓመት በፊት የታተመ ትራክት ይዞ የሚከራከር ወጣት እነዚህን ሁሉ ሳያውቅ ይቀራል።

መ/ ስላልተጻፈው ነገር። እንደ እኛ አስተያየት ከአራቱ ጠንካራው ይህ ነው። ነገር ግን በትክክል መቀመጥ አለበት። ያልተጻፈ ነገር ሁሉ ስሕተት ነው ካልን የሰንበት ትምህርት ቤታችን ራሱ በመጽሐፍ አልተጻፈም። ማርያም እስከ መጨረሻ ድንግል ነበረች የሚለውን ትምህርት ማርቲን ሉተር ራሱ ሲቀበለው ኖሯል፤ በዚህ የተነሣ ሉተርን ካቶሊክ ነው ያለው የለም። ነጥቡ ሌላ ነው። ያልተጻፈውን በልማድ ማክበር አንድ ነገር ነው፤ ያልተጻፈውን የማያምን ከእምነት ወጥቷል ብሎ ኅሊናን ማሰር ሌላ ነገር ነው። የ1854ና የ1950 ድንጋጌዎች ያደረጉት ሁለተኛውን ነው። እኛም የምንቃወመው ይህንኑ ነው፤ የሰው ኅሊና በእግዚአብሔር ቃል እንጂ በሌላ አይታሰርም።

4. ሚዛኑ ወደ እኛ ሲዞር

በቡና አገር ያደገ ሰው ስለ ሚዛን ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ገበሬው እሸት ቡናውን ለቅሞ ሲያመጣ፣ ገዢው በአንድ ሚዛን ገዝቶ በሌላ ሚዛን የሚሸጥ ከሆነ፣ ያ ሰው ዐሥራት ቢያወጣም ሌባ ነው። የምሳሌ መጽሐፍ በ20ኛው ምዕራፍ ሁለት ዓይነት መመዘኛ በእግዚአብሔር ዘንድ የተጠላ መሆኑን ይነግረናል። ተቃውሞም ሚዛን ነው። ለጎረቤታችን ያወጣነውን ሚዛን ለራሳችን ስንሆን ከደበቅነው እውነተኛ ተቃውሞ መሆኑ ይቀራል።

እስቲ እንመዝን። መካከለኛው አንድ ነው እንላለን። ነገር ግን በዛሬው ጊዜ በአንዳንድ ወንጌላዊ ጉባኤዎቻችን ሰዎች ከሩቅ ከተማ ተሳፍረው የሚመጡት የአንድ «ነቢይ» እጅ እንዲነካቸው አይደለምን? የተጸለየበት ዘይትና ውኃ በገንዘብ ሲሸጥ አልሰማንምን? «እኔ ብጸልይ እግዚአብሔር አይሰማኝም፤ እርሱ ይጸልይልኝ» የሚል ሰው በመካከላችን የለምን? ሥዕል ከግድግዳው አውርዶ በቦታው የአገልጋዩን ፎቶግራፍ የሰቀለ ቤትስ የለምን? በመጽሐፍ ያልተጻፈ የአለባበስና የአበላል ሕግ አውጥተን፣ ያልጠበቀውን አልዳነም አላልንምን?

ማርያምን የሚለምን ሰው ቢያንስ የለመናት ጌታን የወለደችውን ነው፤ ትሕትናዋም በሉቃስ ወንጌል 1ኛ ምዕራፍ ተጽፏል። እኛ ደጅ የምንጠናው በሕይወት ያለ፣ ስሙ በትልቅ ባነር የተጻፈ፣ ገና ፍጻሜው ያልታወቀ ሰው ነው። ስለዚህ ስለ አማላጅነት ያለን ተቃውሞ እውነት ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚመታው የራሳችንን ደጃፍ ነው። ተቃውሞውን ተዉት ማለታችን አይደለም፤ ይበልጥ በቅንነት ያዙት ማለታችን ነው። ራሱን የሚመዝንበትን ሰው ጎረቤቱ ይሰማዋል።

5. ጥያቄው በጉልበተኛ እጅ ሲገባ

ይህ ክርክር በአገራችን ከሉተር በፊት እንደ ነበረ ብዙዎቻችን አናውቅም። በ15ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ.)፣ አባ እስጢፋኖስ የሚባሉ መነኵሴና ደቀ መዛሙርታቸው ስግደት ለሥላሴ ብቻ ይገባል ብለው ተነሡ። ለንጉሡም አንሰግድም አሉ። ንጉሡ የማርያምን በዓላት 33 አድርጎ ያጸና፣ ማርያምን አጥብቆ የሚወድ ሰው ነበር። ደቂቀ እስጢፋኖስን ጸረ ማርያም ተብለው አስገረፋቸው፣ አሰራቸው፣ አጋዛቸው፤ ምላስና አፍንጫቸው የተቈረጠ፣ በድንጋይም የተወገሩ ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ገድላቸውን ወደ አማርኛ መልሰው አሳትመውልናል። ከዚያ እንደምንረዳው እነዚያ መነኰሳት ማርያምን የሚጠሉ አልነበሩም፤ ያከብሩአት ነበር። ስግደትን ግን ለፈጣሪ ለዩ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ማርያምን መውደድ ሰውን ወደ ጭካኔ አያደርስም፤ ወደ ጭካኔ ያደረሰው ክርክሩን በጅራፍ ለመጨረስ መፈለግ ነው። ሁለተኛ፣ ጸረ ማርያም የሚለው ስድብ ዛሬም በእኛ ላይ ሲሰነዘር ይሰማል፤ ስለዚህ በሐሰት ስም መጠራት እንዴት እንደሚያቆስል ከማንም ይልቅ እናውቃለን። የቆሰለ ሰው ደግሞ ሌላውን በዚያው ድንጋይ ሊያቆስል አይገባውም።

የተሻለ ምሳሌም አለ። በ1534 እ.ኤ.አ. ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን እስከ ጀርመን አገር ዊተንበርግ ከተማ ሄዶ ከማርቲን ሉተር ጋር ተገናኘ። ዲያቆኑ የመጣው የማርያም በዓላት ከበዙባት ቤተ ክርስቲያን ነው። ሉተር ደግሞ የቅዱሳንን ልመና አጥብቆ የተቃወመ ሰው ነው፤ ሆኖም በ1521 ማርያም በሉቃስ ወንጌል ያቀረበችውን ምስጋና የሚተረጉም መጽሐፍ በአክብሮት የጻፈም እርሱ ነው። ሁለቱ በአስተርጓሚ ስለ እምነታቸው ተነጋገሩ። በመጨረሻ ሉተር፣ የሥርዓት ልዩነት የቤተ ክርስቲያንን አንድነት እንደማያፈርስ ጠቅሶ ለእንግዳው የምስክር ደብዳቤ ጻፈለት። ሉተር ተቃውሞውን አልጣለም፤ ነገር ግን በፊቱ ከቆመው ሰው ጋር መነጋገርን አስቀደመ።

6. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ይህን ሁሉ ያልነው በዕለት ኑሯችን እንዲጠቅመን ነው። ሦስት ነገሮችን ብቻ እንጥቀስ።

የመጀመሪያው ስለ አራስ ቤት ነው። ጎረቤት ስትወልድ ሴቶች እልል ብለው ይገባሉ፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላሉ። የእኛ ወጣት ምን ይበል? «እንኳን እግዚአብሔር በሰላም ገላገለሽ» ቢል ከእምነቱ ጋር የሚስማማ ቃል ነው፤ የሚከፋም አይገኝም። ነገር ግን ከበሩ ቆሞ የሌሎቹን ሰላምታ ማረም፣ ወይም ያ ቃል ይባላል ብሎ ጨርሶ መቅረት ምን ይባላል? «ዝም ማለት እውነትን መካድ ነው» የሚሉ ወንድሞች አሉ፤ ቅናታቸውን እናከብራለን። ይሁን እንጂ ለሁሉ ጊዜ አለው። ከሞት አፋፍ የተመለሰች እናት አልጋ አጠገብ የሚያስፈልገው ገንፎና ቅቤ፣ ደስታና ምስጋና ነው። ክርክሩ ለሌላ ቀን ይቆይ፤ በዚያን ቀን የመጣ ሰው በሌላው ቀን የመናገር መብት ያገኛል።

ሁለተኛው ስለ ልደታ ንፍሮና ስለ ማኅበር ጸበል ጻዲቅ ነው። በዚህ ላይ በመካከላችን አንድ አሳብ የለም፤ ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 8 እና በሮሜ 14 ስለ መብል ሲጽፍ ኅሊናን አላስገደደም። ኅሊናው የሚከለክለው አይብላ፤ ሲተው ግን አመስግኖ፣ ሰበብ ሳያበዛ፣ ሳያላግጥ ይተው። ኅሊናው የሚፈቅድለትን ደግሞ ከእምነት ወጣ አንበለው። የጎረቤትን ንፍሮ ለጣዖት የተሠዋ ብሎ መጥራት ግን ነገሩን ሳይመረምሩ መፍረድ ነው።

ሦስተኛው ስለ ሥዕል ነው። ወንጌልን የተቀበሉ አንዳንድ ልጆች በመጀመሪያ ቅናታቸው ከእናታቸው ግድግዳ ላይ የማርያምን ሥዕል አውርደው እንደ ቀደዱ እንሰማለን። ይህ ድፍረት እንጂ እምነት አይደለም። የእናት ግድግዳ የእናት ነው። ሥዕሉ በእናቲቱ ልብ የያዘውን ቦታ ለክርስቶስ ልናሳይላት ከፈለግን፣ አባትና እናትን ማክበር ከተጻፈበት ትእዛዝ መጀመር አለብን። እናቱን ያዋረደ ልጅ ስለ ጌታ እናት የሚናገረውን ማን ያምነዋል?

ይህን ስንል ልዩነቱን እናለባብስ ማለታችን አይደለም። ስንጠየቅ በግልጽ እንመልስ። ማርያምን እናከብራለን፣ ብፅዕት ናት እንላለን፣ እምነትዋን እንከተላለን፤ ጸሎታችንን ግን በክርስቶስ ስም ወደ አብ እናቀርባለን፣ ምክንያቱም በመጽሐፍ የታዘዝነው ይህንኑ ነው እንበል። ይህን ለመናገር ድፍረት ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ቡና አብረው የማይጠጡ ሰዎች ይህን የሚነጋገሩበት ቦታ የላቸውም። ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ረጅም ነው፤ ብዙ እውነት በቀስታ ሊነገርበት ይችላል።

በመጨረሻም አንድ ጥያቄ ለየራሳችን እንተው። እኛ ስለ ማርያም የማናምነውን ለመናገር እንፈጥናለን፤ ስለ እርስዋ የምናምነውን ከተናገርን ግን ስንት ጊዜ ሆነን? በሰንበት ትምህርት ቤታችን ስለ አብርሃም፣ ስለ ዳዊት፣ ስለ ጳውሎስ ትምህርት ይሰጣል። በድህነትዋ ሳለች ለመልአኩ ቃል እሺ ስላለችው፣ ከመስቀሉ ሥር ስለ ቆመችው፣ በሐዋርያት ሥራ 1 ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ስለ ጸለየችው ሴት ግን ከገና ሰሞን በቀር አይነሣም። በቃና ሰርግ ቤት አገልጋዮቹን እርሱ የሚላቸውን ሁሉ እንዲያደርጉ አዘዘቻቸው። ካቶሊኩም፣ ኦርቶዶክሱም፣ እኛም ይህን ትእዛዝዋን ተቀብለናል፤ ማን እንደ ፈጸመው ጌታ ይመረምራል። እኛ የሚመጣው እሑድ ከመድረሱ በፊት፣ በዚህ ነገር ያስቀየምነው ዘመድ ወይም ጎረቤት ካለ ሄደን ሰላም እንበለው።

የጌታችን ጸጋ ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።